የመቃኞው ክርስትና

ከመቐለ ወደ ቁሓ በሚወስደው መንገድ ዳር የነበረችው የአጥቢያችን ቤተ ክርስቲያን ከፈረሰች ዓመት አልፏታል። ያፈረሳት ክፉ እጅ አይደለም፤ ጣሪያዋ ዘምሞ፣ ግድግዳዋ ተሰንጥቆ ስለነበር፣ አስፍተን እንሥራት ብለን ራሳችን ተስማምተን ነው ያፈረስናት። የመቅደሱ ድንጋዮች በአዲሱ ሕንጻ መሠረት ውስጥ ገብተዋል። የውጭው ግድግዳ ድንጋይ ግን ገና ቦታ ስላልተገኘለት በግቢው ጥግ ተከምሯል። ሕንጻው እስኪያልቅ ታቦቱ ያረፈው በመቃኞ ውስጥ ነው፤ መቃኞ የምንለውም ለጊዜው ማረፊያ ተብሎ የሚሠራውን ቤት ነው፤ የእኛው ከላይ እስከ ታች ቆርቆሮ ነው።

በኅዳር ወር አንድ እሑድ፣ ጉልበቴ እንደ ልቤ ስለማይፈጥን ዘግይቼ ደረስሁ። ቅዳሴው ተጋምሷል። ነፋሱ ቆርቆሮውን ያንኳኳዋል፤ የካህናቱ ዜማ ከውስጥ ይሰማል። በግቢው ጥግ ግን አንድ ሽማግሌ ጀርባቸውን ለመቃኞው ሰጥተው፣ ከተከመረው ድንጋይ አንዱን በግንባራቸው ነክተው ይሳለሙ ነበር። በብዙ አገር ተዘዋውሬ ሰው ለብዙ ነገር ሲሰግድ አይቻለሁ፤ ታቦት ከኋላው እያለ ለፈረሰ ግድግዳ የሚሰግድ ክርስቲያን ግን አይቼ አላውቅም። ቀረብ ስል ጎረቤቴ ኣያ ሠረቀብርሃን ሆነው አገኘኋቸው።

«ኣያ ሠረቀብርሃን፣ እንደምን አደሩ?»

«ይመስገን፤ ከመይ ሓዲርኪ ሓፍተይ?»

እህቴ ማለታቸው ነው። መንገዱ አድክሞኝ ስለነበር ወሬ እየጀመርሁ ከድንጋዮቹ በአንዱ ላይ ልቀመጥ አልሁ።

«ተነሺ» አሉኝ በረጋ ድምፅ። «እሱ መቀመጫ አይደለም።»

«ታዲያ ምንድን ነው?»

«ግድግዳ ነው።»

«እኔ የማውቀው ግድግዳ ቆሞ ነው። ይሄ ተኝቷል።»

አልሳቁም። «ወጣት ሳለሁ በትሬንታ ኳትሮ መኪና ከካባው ያመላለስሁት እኔ ነኝ። የትኛው የቱ ጋ እንደነበር ዓይኔን ጨፍኜ እነግርሻለሁ።»

«ታቦቱ ግን እዚያ ነው፤ ጀርባዎን ሰጥተውታል።»

«ታቦቱን አልናቅሁም፤ ሎቱ ስብሐት። ያስቸገረኝ ቆርቆሮው ነው። የእህል መጋዘን ይመስላል። አንድ ጊዜ ገብቼ ነበር፤ ጸሎቴ ጣሪያውን አንኳኩቶ ወደ እኔ ተመለሰ። ግድግዳው ከወረደ ወዲህ እግዚአብሔር እዚህ ቤት የለውም፤ ቤት ሲኖረው እመለሳለሁ።»

እንዲህ የሚያስቡት እሳቸው ብቻ እንዳልነበሩ መናገር ይገባኛል። አቅም ያላቸው የአጥቢያችን ሰዎች እሑድ እሑድ ባጃጅ እየተሳፈሩ ጉልላታቸው ከሩቅ ወደሚታይ የከተማው አድባራት መሄድ ጀምረው ነበር። መቃኞው የቀረው ለጥቂት አሮጊቶችና በአቅራቢያው ትምህርት ቤት ለተጠለሉ ተፈናቃዮች ነበር። ሽማግሌው የሰበካው ታላቅ ስለነበሩ፣ የእሳቸው መቅረት ለሌላው ፈቃድ ሆኖታል።

ይሁን እንጂ እኔን ያስጨነቀኝ ሌላ ነገር ነበር። የልጅ ልጃቸው ሳሊና ሴት ልጅ ወልዳለች፤ እኔም ክርስትና እናት እንድሆን ተለምኜ በደስታ እሺ ብያለሁ።

«የሕፃኗ ክርስትና ታዲያ እንዴት ይሁን?» አልኋቸው። «ሰማንያ ቀኗ እኮ ደረሰ።»

«ወይ ሕንጻው ይለቅ፣ ወይ ከተማ ወስደው ክርስትና ያስነሷት። እኔ ግን ልጅ አቅፌ ቆርቆሮ ውስጥ አልገባም፤ ወደ ሰው ደብርም እንግዳ ሆኜ አልሄድም።»

«ሳሊና ደግሞ ያለ እርስዎ አላስጠምቅም ብላለች።»

«ሰምቻለሁ» አሉና ወደ ድንጋዩ ዞሩ። «ዛሬ ከሰዓት ይመጣሉ። ያ ምሁር ባሏ መጽሐፉን ሳይዝ አይመጣም። አንቺም ነዪና ፍረጂ፤ ብዙ አገር አይተሻል።»

የነገሩ ክብደት እንዲህ ነው። የሳሊና እናት ኣበባ፣ የኣያ ሠረቀብርሃን አንዲት ልጅ፣ ሳሊናን በሕፃንነቷ ትታ አርፋለች። አጥበው፣ አብልተው፣ ትምህርት ቤት አድርሰው ያሳደጓት አያቷ ናቸው። አራስ እናት ልጇ ክርስትና እስክትነሣ ድረስ ወደ ቤተ መቅደስ አትገባም፤ አትቆርብም። እንግዲህ ሽማግሌው እምቢ ባሉ ቁጥር፣ ሕፃኗም እናቷም ከደጅ ይቀራሉ። ሕንጻው መቼ እንደሚያልቅ ደግሞ የሚያውቅ የለም፤ ሲሚንቶ ሲገኝ ይሠራል፣ ሲጠፋ ይቆማል።

ከሰዓት በኋላ ዓይናለም አቅራቢያ ወዳለው ቤታቸው ሄድሁ። ሳሊና ሕፃኗን በጉልበቷ አስተኝታ ተቀምጣለች። ባሏ ሀይሉ የደብረ ታቦር ልጅ ነው፤ በዩኒቨርሲቲው የውሃ ምሕንድስና ያስተምራል፤ በሰንበት ትምህርት ቤትም ያደገ ነው። እሱ ባለበት የቤቱ ጨዋታ በአማርኛ ነው፤ ኣያ ሠረቀብርሃንም አሰብና አዲስ አበባ ሲመላለሱ የለመዱትን አማርኛ ያለ ችግር ይናገሩታል። ሕምባሻ ተቆርሶ፣ ሻይ ተቀድቶ ነበር።

«እንግዲህ ሀይሉ ወደይ፣ ጀምር» አሉ ሽማግሌው። «ተከሳሹ ቀርቧል፤ ዳኛዋም ሻይዋን ይዛለች።»

«ኣቦይ፣ ክስ አላመጣሁም። ጥያቄ ብቻ ነው የያዝሁት።»

«ክስም የሚጀምረው በጥያቄ ነው። ጠይቅ።»

«ቤተ መቅደስ ከመሠራቱ በፊት፣ እስራኤል በምድረ በዳ ሳሉ፣ እግዚአብሔር በመካከላቸው የት ነበር ያደረው?»

«በድንኳን።»

«ድንኳኑስ ከምን ነበር የተሠራው?»

ሽማግሌው ፈገግ አሉ። «ከፍየል ጠጉር። ወዴት እንደምትነዳኝ ታይቶኛል፤ እኔም ሾፌር ነበርሁ። እንዲህ ስማኝ። ሾፌር መንገድ ላይ መኪናው ሥር ይተኛል፤ ማንም አይነቅፈውም። ቤቱ ሲገባ ግን አልጋው ላይ ነው የሚተኛው። ድንኳኑ የመንገድ ነበር። አገራቸው ሲገቡ ሰሎሞን በዝግባና በወርቅ ሠራለት። እኛስ መንገድ ላይ ነን እንዴ?»

ይህ መልስ ቀላል እንዳልነበረ በሀይሉ ፊት ላይ አነበብሁ። ብዙ የተማሩ ሰዎች ያልተማረ የሚሉት ሽማግሌ በደንብ ሲመልስላቸው ድምፃቸውን ከፍ ያደርጋሉ። ሀይሉ ግን ዝቅ አደረገ።

«መልካም ብለዋል ኣቦይ። ነገር ግን አገራቸው ከገቡ በኋላም ዳዊት ቤት ልሥራልህ ቢል፣ የዝግባ ቤት ሥሩልኝ ብዬ ማንን ጠየቅሁ የሚል መልስ ነው የመጣለት። ሰሎሞንም ሠርቶ በጨረሰ ዕለት፣ ሰማይ የማይበቃህን ይህ ቤት እንዴት ይበቃሃል ብሎ ጸለየ። ወርቁን ሁሉ ለብጦ ሲያበቃ የጸለየው እንዲህ ነው።»

«የማይበቃው ከሆነ ለምን ሠራው?»

«ለሕዝቡ። ሕዝቡ አንድ ላይ ቆሞ የሚጸልይበት፣ ያዘነ የሚመጣበት፣ እንግዳ የሚቀበሉበት ቦታ እንዲኖር።»

«አሃ» አሉ ሽማግሌው ጽዋቸውን አስቀምጠው። «እንግዲያው ቤተ ክርስቲያን አያስፈልግም ልትለኝ ነው። ለመሆኑ ልጄን የዳርሁት ለማን ነው?»

«ኣቦሓጎይ፣ ለአዲሱ ሕንጻ አሸዋ ሲሸከም ወገቡን የታመመው እሱ ነው» አለች ሳሊና። ኣቦሓጎይ፣ አያቴ ማለት ነው።

«አንቺ አታግዢው፤ ለመከራከር ደመወዝ የሚከፈለው ሰው ነው።»

«ቤተ ክርስቲያን አያስፈልግም አላልሁም» አለ ሀይሉ። «ሕንጻው ይሠራ፤ ያማረም ይሁን፤ ለእግዚአብሔር ክብር ነውና። የምለው፣ እሱ ከእኛ ጋር ለመሆን ሕንጻችን እስኪያልቅ አይጠብቅም ነው። እግዚአብሔር ሰው ሆኖ በመካከላችን አድሯል ብለን እናምናለን። ያደረውም በእናቱ ማሕፀን፣ ከዚያም በበረት፣ ከዚያም በዓሣ አጥማጆች መካከል ነው። ከተጠመቅንም በኋላ የእሱ ማደሪያ እኛ ራሳችን ነን።»

«ማደሪያው እኔ?» ሽማግሌው ራሳቸውን ከላይ እስከ ታች ተመለከቱ። «ጥርሴ ረግፏል፣ ጉልበቴ ተበልቷል። ይሄ ነው ቤተ መቅደስ?»

«ጣሪያው ብቻ ነው ዘመም ያለው» አለች ሳሊና።

ሁላችንም ሳቅን፤ እሳቸውም ሳቁ። አቋማቸው ግን አልተነቃነቀም። «ትልቅ ባለሥልጣን ቤቴ ቢመጣ ከብት ማደሪያ ውስጥ አላስገባውም፤ ለአምላክማ እንዴት» ብለው ወደ እኔ ዞሩ። «ዳኛዋ ዝም ብላለች።»

እኔም ያየሁትን ነገርኋቸው። በአንድ የአውሮፓ ከተማ፣ ለመጨረስ ብዙ ትውልድ የፈጀ፣ ቀና ብለው ሲያዩት አንገት የሚያሳምም ካቴድራል ገብቼ ነበር። በር ላይ ትኬት ይሸጣል። እሑድ ጠዋት ነበር፤ ውስጡ ፎቶ የሚያነሣ እንጂ የሚጸልይ ሰው አላየሁም። በዚያው ከተማ የእኛ አገር ሰዎች የመኪና ጋራዥ ተከራይተው፣ የዘይቱን ሽታ በዕጣን አጥፍተው ይቀድሱ ነበር። የሚያለቅስ ነበር፣ የሚስቅ ነበር፣ ሥራ ላጣ ሥራ የሚፈልግ ነበር።

«እግዚአብሔርን የት እንደምፈልገው ለመወሰን አልተቸገርሁም» አልኋቸው።

«እነሱ ስደተኞች ናቸው» አሉ። «እኛ አገራችን ነን።»

ክርክሩ እዚህ ላይ የቆመ መሰለ። ክርክር ሲቆም ወሬ መቀየር ልማዴ ስለሆነ፣ በእርግጥ ሌላ ሐሳብ ሳይኖረኝ፣ ስለ መኪናቸው ጠየቅኋቸው።

«ያን ድንጋይ ሲያመላልሱ ስንት ዓመትዎ ነበር?»

ፊታቸው በራ። «ገና ትዳር መያዜ ነበር። ትሬንታ ኳትሮዋ አንድ ጊዜ ከጠፋች በሰው ግፊት ካልሆነ አትነሣም። ስለዚህ ስናራግፍ ሞተሯን አላጠፋም። ቄሱ ቅዳሴ ላይ ስትጮህ ይቆጡኝ ነበር።»

«ቅዳሴ?» አልሁ። «ቤተ ክርስቲያኑ ገና እየተሠራ አልነበረም?»

«በመቃኞ ነዋ የሚቀደሰው። የባሕር ዛፍ አጠና ተማግሮ፣ ሳር የለበሰ። ጭቃ እንኳ አልተመረገም፤ በክረምት ከውስጥ ጃንጥላ ይያዝ ነበር።»

ሳሊና ሕፃኗን ወደ ትከሻዋ አነሣች። «ኣቦሓጎይ፣ እናቴ ያኔ ነው የተወለደችው?»

«አዎ። ግድግዳው ወገብ ሲደርስ።»

«ክርስትና የተነሣችው የት ነው?»

ሽማግሌው አፋቸውን ከፍተው መልሰው ዘጉት። ሀይሉ የሚናገረው እንደነበረው አየሁ፤ ግን ዝም አለ። በዚያ ዝምታው ከክርክሩ ሁሉ ይበልጥ አከበርሁት።

«እዚያው» አሉ በመጨረሻ።

«ሳር ጎጆው ውስጥ?»

«ሳር ጎጆው ውስጥ። ድንጋይ ጭኜ መጣሁ፤ ሞተሯን አላጠፋሁም። አቧራዬን እንኳ ሳላራግፍ ገባሁ። አያትሽ በጋቢ ጠቅልላ ሰጠችኝ። ውሃው ሲነካት አላለቀሰችም፤ ዓይኗን ከፍታ ወደ ሳሩ አየች። ያን ቀን እግዚአብሔር እዚያ ነበር። ማንም ቢነግረኝ አልሰማም፤ እዚያ ነበር፤ እዚህ ክንዴ ላይ...»

ቃሉን አልጨረሱም። ያሉትን ራሳቸው ሰምተውታል። ሕፃኗ ነቃች፤ ሳሊናም ሳትጠየቅ ተነሥታ በአያቷ ክንድ ላይ አኖረቻት። ከነፋሱ በቀር ድምፅ የሚያሰማ አልነበረም።

«እኔ ድንጋዩን የምሳለመው» አሉ ቀስ ብለው፣ ከማንም ጋር ሳይሆን ከሕፃኗ ጋር የሚነጋገሩ መስለው፣ «ኣበባ ከሄደች ወዲህ ከዚያ ዘመን የቀረኝ እሱ ብቻ ስለመሰለኝ ነው። እግዚአብሔር የሄደ መሰለኝ። እሱ ግን ከግድግዳው በፊት ነበር ለካ።» ጥቂት ቆይተው ጨመሩ። «ቆርቆሮ ደግሞ ከሳር ይሻላል። ቢያንስ አያፈስም።»

ሀይሉ ተነሥቶ ጉልበታቸውን ሳመ። «ኣቦይ፣ ይህን ሁሉ መጽሐፍ ከማገላበጥ እርስዎን አስቀድሜ ብጠይቅ ይሻለኝ ነበር።»

«መጽሐፉንም አትተወው፤ መንገዱን ጠራርጎልኛል» አሉት። ከዚያም እንደ ሰበካ ሽማግሌ ማሰብ ጀመሩ። «ግን እንግዳው ብዙ ነው። ሽማግሌዎች ይመጣሉ። ያ ግቢ ማረፊያ የለውም፤ ሰው የት ይቀመጣል?»

«አሁንም የሚቀመጥበት የለም» አለች ሳሊና። «እኔም ዛሬ ጠዋት ሕፃኗን ይዤ ከበሩ ውጭ ቆሜ ነው ቅዳሴውን የሰማሁት። እንደ እኔ ያሉ ሌሎች አራሶችም አሉ። እርስዎ ድንጋዩን ሲሳለሙ ከኋላዎ ነበርን።»

«ከኋላዬ?»

«አዎ፤ ከኋላዎ።»

ሽማግሌው ለረጅም ጊዜ አልተናገሩም። በማግሥቱ ግን ከቀሺ ዓንደብርሃን ጋር ሲመካከሩ ታዩ። ቀሺ ዓንደብርሃን የአጥቢያችን አስተዳዳሪ ናቸው፤ የተጠየቁትን ሰምተው ሳይፈቅዱ አልቀሩም፤ የሰፈሩ ወጣቶች ሳምንቱን በሙሉ በግቢው ውስጥ ድንጋይ ሲያነሡ ሰነበቱ። ኣያ ሠረቀብርሃን ከዘራቸውን እያመለከቱ የትኛው ድንጋይ የት እንደሚሻል ይነግሯቸው ነበር።

የክርስትናው ዕለት ጠዋት ብርድ ነበር። ኣያ ሠረቀብርሃን ነጭ ለብሰው፣ ሕፃኗን አቅፈው፣ እኔ ከጎናቸው ሆኜ ወደ መቃኞው ገባን። ፀሐይ ስትወጣ ቆርቆሮው እየሞቀ ቋ ቋ ይል ጀመር። ሽማግሌው አንድ ጊዜ ቀና ብለው አዩት፤ ከዚያ ዓይናቸውን ወደ ውሃው መለሱ። ሕፃኗ እንደ አያቷ ዝም አላለችም፤ ጩኸቷ ቆርቆሮውን አስተጋባው። ማዕተብ ታሰረላት፤ ወለተ ማርያም ተባለች። ሳሊናም ከወለደች ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ ደጁን አልፋ ገባች፤ ከልጇ ጋር ቆረበች።

ከዚያ ወዲህ የሆነውን ባጭሩ ልግለጽ፤ አንባቢዬም በየአጥቢያው እንዲያስብበት እሻለሁ። ሽማግሌው ሲመለሱ ባጃጅ የተሳፈሩትም አንድ በአንድ ተመለሱ፤ የታላቅ ሰው እግር ብዙ እግር ያስከትላል። ሕፃኖቻቸውን ሕንጻ እስኪያልቅ ያቆዩ ሌሎች እናቶችም ልጆቻቸውን ክርስትና አስነሡ። ከተፈናቃዮቹ ጋር በአንድ ጣሪያ ሥር ስንቆም ስማቸውን አወቅን፤ ስም ካወቅን በኋላ ደግሞ ያጡትን አይቶ ማለፍ ከበደን። የአዲሱ ሕንጻ ሥራም አልተቀዛቀዘም፤ ይልቁንም ሰው በረከተለት። ለመኖሪያው ብለን ስንሠራ፣ አለመጠናቀቁ ያሳዝነን ነበር፤ በመካከላችን መኖሩን አውቀን ለክብሩ ስንሠራ ግን እያንዳንዱ ዓምድ ደስታ ሆነ። ቤተ መቅደስን ማክበር መልካም ነው፤ በውስጡ የሚቆመውን ሰው ከረሳን ግን ያከበርነው ድንጋይ ብቻ ነው።

በክርስትናው ዕለት ቅዳሴው አልቆ ስወጣ ጉልበቴ ይቆረጥመኝ ነበር። በመቃኞው የውጭ ግድግዳ ዙሪያና በበሩ ግራና ቀኝ ጠፍጣፋ ድንጋዮች በሥርዓት ተደርድረዋል። አራሶቹ ልጆቻቸውን ታቅፈው ተቀምጠዋል፤ ከትምህርት ቤቱ የመጡ እናቶችም ተቀምጠዋል። ኣያ ሠረቀብርሃን ከመካከላቸው ሆነው በነጠላቸው ጫፍ አንዱን ድንጋይ ጠርገው ጠሩኝ።

«ተቀመጪ ሓፍተይ።»

«ግድግዳ ነው ብለውኝ አልነበር?»

«ነበረ» አሉና ሕፃኗን ወደ ሌላው ክንዳቸው አዛወሩ። «ጡረታ ወጣ። እኔ ጡረታ ስወጣ ተቀመጥሁ፤ እሱ ደግሞ ሌላውን ያስቀምጥ።»

ተቀመጥሁ። ድንጋዩ ፀሐይ ሞቆ ነበር።